የአውሮፕላን ገበና

እኛ የመኪና ወንበር ልባስ ሰፊዎች አንድ ሕግ አለን፤ ወንበሩን ስትፈታ ውስጡ የምታገኘውን ላመጣልህ ሰው ብቻ ትነግራለህ። የበሰበሰ ስፖንጅም ይሁን የሌላ ሴት ጉትቻ። አባቴ የጅማ መርካቶውን ሱቅ ሲያወርሰኝ ያስጠነቀቀኝ ይህንኑ ነው፤ የሰው ገበና አይገለጥም።

ታናሽ ወንድሜ ቲጃኒ የአውሮፕላኑን ሥራ ሲያመጣልኝ ግን ሕግ ትዝ የሚለው ማን ነበር! አብራሪነት ተምሮ፣ ሥራ አጥቶ እናታችን ቤት ተኝቶ የከረመ ልጅ ነው። አቶ ዓለምብርሃን የሚባሉ የቡና እርሻ ባለቤት አሮጌ ባለአራት ወንበር አውሮፕላን ገዝተው ቀጠሩት። ለመብረር የቀረው የተቆጣጣሪ ፈቃድ ነበር። ከግድግዳው ውስጥ ድምፅና ብርድ የሚከላከለው ጥጥ አርጅቶ ይሸታልና ቀይሪው አለኝ። በደስታ ከነፍኩ።

አየር ማረፊያው ጓሮ ካለው መጋዘን ገብቼ የውስጥ ልባሱን ፈታሁት። የተጠቀጠቀው የመስታወት ጥጥ ውሃ ጠጥቶ፣ አይጥ ሸንቶበት፣ እንደ እርጥብ ጭድ እየተቦጨቀ መጣ። እጄን በላኝ። የድሮውን ማስቲሽ በቤንዚን እያራስኩ ፋቅኩ። ወደ ጭራው ስጠጋ ግን አልሙኒየሙ ነጭ ዱቄት አውጥቷል። በካቻቢቴ ነካ ባደርገው ሰረጎደ። ያ እርጥብ ጥጥ ስንት ዓመት ተለጥፎበት ኖሮ በልቶታል።

ለቲጃኒ አሳየሁት። ፊቱ ጠቆረ።

«ማሎ ዙቤይዳ፣ ሸፍኚው። ሰውዬው ይህን ከሰሙ ይተዉታል፣ እኔም ሥራዬ አበቃ። የቡናው ወቅት ሲያልፍ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ ወላሂ።»

«እስከዚያ ብትወድቅስ?»

«አላህ ያውቃል። አንቺ ልባስ ሰፊ ነሽ፣ መሐንዲስ አይደለሽም።»

እውነቱን ነው፣ አይደለሁም። ውሃ የማይጠጣውን አዲሱን ፎም በልኩ ቆርጬ ማስቲሽ ቀባሁ። ልለጥፈው ስል አቶ ዓለምብርሃን ከአዲስ አበባ ከመጣው ተቆጣጣሪ ጋር ደረሱ። ተቆጣጣሪው አንገቱን አስግጎ፣ «ከሥሩ ደህና ነው?» አለኝ።

ቲጃኒ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ሕጉም ወንድሜም ዝም በይ ይሉኛል። ካቻቢቴውን አንስቼ ዱቄት ያወጣው አልሙኒየም ላይ ገፋሁት። ያለ ምንም ትግል ዘለቀ። ስነቅለው በቀዳዳው የውጭው ብርሃን ገባ።

አውሮፕላኑ ታገደ። ባለቤቱም ጥገናው አያዋጣም አሉና ተቆራርጦ ለቁራሌው ሄደ። ቲጃኒ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። «ያመኗትን ሰዎች ገበና ዘረገፈችው» ተብሎ የእኔም ደንበኛ ሳሳ። ይሁን፣ እሱን እችለዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ያልወደቀ አውሮፕላን አይመሰክርልኝም። ሰው ሁሉ «እንደዚያ ያለ ስንቱ እየበረረ አይደል?» ይለኛል።

ባለፈው ዝናብ ይዞኝ ያስቆምኩት ባጃጅ የቲጃኒ ሆነ። ገባሁ። ዝናቡን እየሰነጠቀ ቤቴ ደጃፍ አደረሰኝ። እኔ ግን ሳልጠይቀው መውረድ አልቻልኩም።

«ብትሞትብኝስ ኖሮ፣ ቲጃኒ?»

ዞር እንኳ አላለም። «ፓይለት ሆኜ እቀበር ነበራ!»

ወረድኩ። እሱም አንገቱን ወደ ዝናቡ አውጥቶ «ፈረንጅ አራዳ! ፈረንጅ አራዳ!» እያለ ተሳፋሪ እየጠራ ሄደ።