የዘነበች ቆርቆሮ

አንዋር ጨርቁን ፈታና ደርቆ ቀረ። ከውስጡ የወጣው ሐብል የልጁ የኑርሃን ሥራ ነው፣ ደግሞም አይደለም። በጣት ልክ ተቆርጠው እጥፍ እጥፍ የተደረጉት አሥራ አንዱ የቆርቆሮ ቅጠሎች በክራቸው ላይ እንደተሰኩ ናቸው። ግን ከሦስት ቀን በፊት በጥላሸት የጠቆረውና በዝገት የቀላው ቆርቆሮ አሁን እንደ አዲስ ሳህን ያብለጨልጫል።

"እኔ ነኝ ያጠብኩት" አለች ታላቅ እህቱ ሐቢባ፣ በሩ ላይ ቆማ እጇን በሻሿ ጫፍ እያደረቀች። "ትናንት ከዓስር ሶላት በኋላ ተቀምጬ በሎሚና በአመድ ስፈትገው ጣቴ አለቀ። ሴትዮዋ ዛሬ ትመጣለች፣ አውጥተሽ አቆዪላት አላልከኝም? መቼ ነው ከዚህ ቤት ያልታጠበ ጌጥ ለባለቤቱ የተሰጠው?"

ሊጮህባት ቃጥቶ ነበር፤ ግን ያሳደገችው እህቱ ናት፤ ስለ ኑርሃን ስታለቅስ ደግሞ ድምፅዋ ተዘግቷል። ከሁሉ የባሰው ግን ደንቡ የራሱ መሆኑ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ አርባ ዓመት ብር ሲያነጥር በሎሚና በአመድ ያልተፈተገ ጌጥ ለደንበኛ ሰጥቶ አያውቅም። "የማያበራ ጌጥ፣ ጌጥ አይደለም" ሲል የኖረውም እሱ ነው፤ ከማንም አብልጦ የነገራትም ለኑርሃን ነው።

ኑርሃን መዶሻ የያዘችው በሰባት ዓመቷ እሱ አጠገብ ተቀምጣ ነው። አዲስ አበባ ሄዳ ሥነ ጥበብ ተማረችና ስትመለስ ብሩን ትታ የወዳደቀ መልቀም ጀመረች፤ የሽንኩርት ጆንያ ክር፣ የባጃጅ ሽቦ፣ የተሰበረ የመስኮት መስታወት። ከእነዚያም የአንገትና የደረት ጌጥ ትሠራ ነበር። ከተማው "የአንዋር ልጅ ተምራ ተምራ ቆራሌ ሆነች" ብሎ ሳቀ። እውነቱ ይነገር ከተባለ አንዋርም አብሮ ስቋል። አንድ ቀን የሙሽራ ጌጥ ሊያዙ የመጡ ሰዎች እንዳያዩበት ሥራዋን ሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ ወሸቀው። ስታገኘው አልጮኸችም።

"አባ፣ እርስዎ የሚሠሩት ጌጥ ባለቤቱ ምን እንዳለው ይናገራል" አለችው። "እኔ የምሠራው ምን እንደደረሰበት እንዲናገር ነው።"

"የደረሰበትን አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል ማን ሞኝ አለ?" አላት።

አንዲት አለች። ዘነበች ትባላለች። አጣዬ ሲቃጠል ቤቷ አብሮ ነደደ፤ ከቤቷ የተረፈላትን አንድ የጣሪያ ቆርቆሮ ይዛ ሸዋ ሮቢት ወርዳ፣ የኪራይ ክፍሏ በር ኋላ አስደግፋው ኖረች። የኑርሃንን ሥራ ስትሰማ ራሷ ተሸክማ አመጣችው። ኑርሃን ሦስት ወር ለፋችበት። አንዋር በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር፣ ቅጠሉን ለምን ሁለት ጊዜ ታጥፊዋለሽ፣ ቆርቆሮውን ትጨርሺዋለሽ እያለ ይነዘንዛት ነበር። ከዚያ ወባ ያዛት። ትኩሳቱ ሲያነዳት "ዘነበች ስትመጣ እንዳለ ይስጧት፣ ጥላሸቱን በሰም ይዤዋለሁ" አለችው። እሱ ሐሳቡ መድኃኒቱ ላይ ስለነበር እሺ አለና ረሳው። በአራተኛው ቀን ሞተች።

ሐብሉን እንደያዘ ለቀስተኛው ወደተቀመጠበት ዳስ ገባ። ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤቱ ኢልያስ ከእጁ ተቀብሎ አገላብጦ አየና ለሽማግሌዎቹ አቀበለው። ሁሉም አደነቁ። አላህ ይዘንላት፣ አሁን ገና ጌጥ የሚመስል ነገር ሠርታ ነበር አሉ።  እሷ ስታሳያቸው ፊታቸውን ያዞሩትን፣ ሌላ ሰው ሲያበላሸው ወደዱት። የአንዋርን ፊት ያየ አንዱ "ሶብር አድርግ፣ ታገስ" አለው። ከቀብር ወዲህ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማው አላህ ይወቀው፤ ሰለቸው።

ሐብሉን ነጥቆ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባና ከሰል አቀጣጠለ። ቆርቆሮ ማጥቆር ለእሱ ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ዘነበችም አታውቅ። የመጀመሪያውን ቅጠል በጉጠት ይዞ ወደ ጭሱ አስጠጋ፣ ከዚያ እጁን መለሰ። ይህ የእሱ ከሰል ጥላሸት ነው። የማንም ቤት አልነደደበትም። ውሃ ቸለሰበትና እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጦ ራሱን ሰደበ።

ዘነበች ከቀትር በፊት መጣች። አልቅሳ፣ ፊቷን አብሳ ስትጨርስ ጨርቁን ሰጣት። ሐብሉን እየደጋገመች አገላበጠችው።

"ያምራል ጋሼ አንዋር" አለች በይሉኝታ። "የኔ ግን አይደለም። ከሰው ዕቃ ጋር ተለውጦ ይሆናል።"

ሐቢባ ልትናገር ስትል አንዋር ቀደማት። "ያንቱው ነው፣ እትዬ ዘነበች። እኔ ነኝ ያሳጠብኩት።"

 "እንግዲህ ብረት አይደል፣ ይታጠባል" አለች ዘነበች፤ መልሳ ልትጠቀልለው ጨርቁን አነሳች።

ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ያን ጊዜ ነው እጥፋቱን ያየው። ሎሚው ላዩን አግኝቷል፤ ሁለት ጊዜ የታጠፈው ውስጡ ግን? ፒንሳ አመጣና የመጨረሻውን ቅጠል ቀስ እያደረገ ፈለቀቀው። ውስጡ ጥቁር ነበር። ከአጣዬ እንደመጣ፣ በሰም እንደተያዘ። ጣቱን ሲያሳርፍበት ሰሙ በቆላው ሙቀት ለስልሶ ኖሮ ጥላሸቱ ለቀቀበት።

"ይኸው" አለች ዘነበች። "ይኸው ቤቴ።" የቀሩትን ሊፈለቅቅ ሲል እጁን ያዘችው። "ሌሎቹን ይተዋቸው ጋሼ፤ መኖሩን ካወቅሁ ይበቃኛል። ይችንም ወደነበረችበት ይመልሱልኝ።"

ልጁ ባጠፈችበት መስመር መልሶ አጠፈው፤ እሷ ያደረገችውን ያህል ግን ቀጥ አላለለትም።

የሰደቃው ምግብ ሲቀርብ ኢልያስ ጆግና ሳፋ ይዞ እንግዳውን ሁሉ እያስታጠበ አንዋር ዘንድ ደረሰ። ሐቢባ የጠቆረውን ጣቱን አይታ፣ በደንብ እሸው፣ ሎሚ ላምጣልህ አለችው።

"ተይው እትዬ" አላት። ጣቱን ወደ መዳፉ አጥፎ፣ የቀሩትን ለውሃው ዘረጋ።