ሩፊና ቅዳሜ ሥራ አላት

ከዋና ከተማው ከኪቶ የተላከው የጉዞ ዕቅድ አስራ ሁለት ገጽ ነበር፤ ዶን አልሲዴስ ቲፓንን የደረሰችው ግን አንዲት መስመር ናት። ሦስት ቀን አሮጌው ኪቶ ከነገዳሙና በወርቅ ከተለበጠው ቤተ ክርስቲያኑ፣ አራት ቀን ቆላው ጫካ ከጦጣውና ከወንዝ ዶልፊኑ ጋር፣ ሁለት ቀን ደግሞ ኩዌንካ። መሀል ላይ፣ ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ከአርባ እስከ አስራ ሁለት ከአርባ ስምንት፦ «ሩፊና»።

ሩፊና ወፍ ናት። ጅራት የሚባል ነገር አልተረፋትም፤ ድቡልቡል ገላዋን በሁለት ረጃጅም እግሮች ተሸክማ መሬት ለመሬት ትሮጣለች። ከጭጋጉ ጫካ ወጥታ ለእንግዳ የምትታየው ዶን አልሲዴስ ሲያፏጭላትና የምድር ትል ሲቆርጥላት ነው። እሷን ለማየት ሰው ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ባለፉት ሁለት ጊዜያት ቅዳሜ የመጡት ግን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው በዝናብ ከመበስበስ በቀር ያዩት ነገር አልነበረም። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዋ ሂሜና በስልክ ቁርጡን ነገረችው፤ አሁንም ወፏ ካልመጣች መስመሯ ትሰረዛለች።

መስመሯ ከተሰረዘች እንግዳ የለም። እንግዳ ከሌለ ደግሞ ሳንቶ ዶሚንጎ ከተማ ያለችው ልጁ ሽማግሌ አባቷን ኮረብታ ላይ ብቻውን አትተወውም፤ እሁድ መኪና ይዛ መጥታ ጠቅልላ ልትወስደው ወስናለች። ዶን አልሲዴስ ሳንቶ ዶሚንጎን ያውቀዋል። ሙቀትና ጡሩምባ ነው። እዚያ ከሚኖር እዚህ ቢቀበር ይመርጣል።

ሂሜናን ቅዳሜን በሌላ ቀን ቀይሪልኝ ብሎ ለምኗት ነበር። ቅዳሜ ከተነካ ገዳሙ ቅዳሴ ላይ ይወድቃል፣ ዶልፊኖቹም ኩዌንካ ይገባሉ አለችው። ለምን እንደሚለምናት ግን ለመናገር አፈረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሩፊና ሚንጋ ላይ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመንደሩ ደንብ ከየቤቱ አንድ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ወጥቶ የውሃውን ቦይ ይጠርጋል፤ ሚንጋ የሚሉት ደቦ ይኸው ነው፣ ከሱ የሚቀር የለም። ከዶን አልሲዴስ ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወጣችው ሚስቱ ናት። እሱን አንዴ ወገቡ፣ አንዴ ጉልበቱ፣ አንዴ ወፉ ሲይዘው ኖረ። ሚስቱ ስትሞት የመንደሩ ሰዎች ተሰብስበው ከቤትዎ እንግዲህ ማን ይምጣ ቢሉት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሩፊና ትምጣ» አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። የመንደሩ ጸሐፊ ዊልመር ግን የሚስቅ ሰው አይደለም፣ የተባለውን ይጽፋል። ጻፈ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሩፊና መጣች። አካፋ ባለበት ትል አለ፤ ትል ባለበት ሩፊና አለች። ዊልመር ስም ሲጠራ ቦዩ ጠርዝ ላይ ቆማ ነበርና ከስሟ ጎን «ተገኝታለች» ብሎ ምልክት አደረገ። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ አንድ ቅዳሜ አልፏል፤ አንድም ቀን አልቀረችም። የመንደሩ ሊቀመንበር ባል እንኳ አራቴ ቀርቷል።

ሐሙስ ዕለት ዶን አልሲዴስ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ወደ ሊቀመንበሯ ወደ ዶኛ ኤርሜሊንዳ ወረደና ለሩፊና የአንድ ቅዳሜ ፈቃድ ለመነ። ዶኛ ኤርሜሊንዳ ባቄላ እየፈለፈለች ሰማችው፤ ዊልመርም መዝገቡን ይዞ አጠገቧ ተቀምጧል።

«ፈቃድ የሚጠይቅ አባል ነው» አለችው። «እርስዎ አባል ነዎት?»

«እዚሁ እኮ ነው የተወለድኩት፣ ዶኛ ኤርሜሊንዳ። ይኸው ስልሳ ስምንት ዓመቴ።»

«መወለድማ ማንም ይወለዳል። ዊልመር፣ እስቲ መዝገቡን እየው።»

ዊልመር አየ። ቤቱ በሩፊና ስም ነው። አብሯት የሚኖር ሰው ስለመኖሩ የተጻፈ ነገር የለም። ዶን አልሲዴስ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነበት፤ ኧረ ወፍ ናት እንዳይል፣ ዓመት ሙሉ የቤቴ ሰው ናት ብሎ የከረመው እሱ ራሱ ነው።

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ክፉ ሴት አይደለችም። ደንቡ መውጫ እንዳለው ነገረችው፤ ያልተመቸው አባል በምትኩ ጤነኛ አዋቂ ሰው ከላከ መቅረት ይችላል። ሩፊናም ዶን አልሲዴስን ትላክ።

«እኔ ቦይ ስቆፍር ማን ያፏጭላታል ታዲያ?»

«እሱን ከሷ ጋር ተነጋገሩ» ብላው ወደ ባቄላዋ ተመለሰች።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ሂሜና ስምንት እንግዶቿን አግዳሚው ላይ ደረደረች። ዶን አልሲዴስ ፉጨቱን አስጠናት፣ ትሉን በጣሳ አስረከባትና አካፋውን ተሸክሞ ወረደ። ዊልመር «ሩፊና» ብሎ ሲጠራ «እኔ ነኝ፤ እሷ ልካኝ ነው» አለ። ማንም አልሳቀም። መቆፈር ጀመረ፤ ሦስተኛውን አካፋ ሲገለብጥ ሩፊና ከቁጥቋጦው ወጥታ እግሩ ሥር ቆመች።

ዊልመር ከአንድ ቤት ሁለት ሠራተኛ መዝገቡን ያበላሽብኛል፣ አንዳችሁ ወደ ቤት ግቡ አለ። ይህን እየተከራከሩ ሳለ ሂሜና ፉጨት ያደረቀውን ከንፈሯን እየላሰች እንግዶቿን እየነዳች ደረሰች። ከስምንቱ ደቂቃ የቀረቻት አንዷ ነበረች። እንግዶቹ የሩቅ ማያ መነጽራቸውን ሲያነሱ ዶኛ ኤርሜሊንዳ ሚንጋ ላይ ቆሞ ማየት ክልክል ነው አለችና አካፋ አሳደለች።

ቆፈሩ። ሩፊና ከአንዱ አካፋ ወደ ሌላው ስትል፣ ለአርባ ዓመት ወፍ ስትከተል የኖረች አንዲት አሮጊት መነጽሯ ከንቱ ሆነባት፤ ወፏ ጫማዋ ላይ ቆማለች። አሮጊቷ ላለመንቀሳቀስ ስትል እንባዋን እንኳ አልጠረገችም። ሂሜና ሰዓቷን እያየች ስትቁነጠነጥ ለእሷም አካፋ ሰጧት። ቀትር ሆነ። አውሮፕላኑ አመለጠ፣ ዶልፊኖቹም ኩዌንካ ገቡ።

ለምሳ ረጅም ጨርቅ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሁሉም ያመጣውን ድንች፣ በቆሎና ባቄላ አፈሰሰበት። ዶን አልሲዴስ ምንም ስላላመጣ ራቅ ብሎ ቆመ። ሂሜና እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና መጣች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዶን አልሲዴስ። ስምንት ደቂቃ ያልኩት አምስት ሰዓት በላብኝ። መስመሩን ሰርዤዋለሁ።»

ዶን አልሲዴስ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ወደ ኮረብታው ሊያቀና ሲል ዶኛ ኤርሜሊንዳ ከጨርቁ ዳር ጠራችው፤ የቆፈረ ሁሉ ይበላል፣ ድንቹ ሳይቀዘቅዝ ይቀመጡ አለችው። ሰው ግራና ቀኝ ፈቀቅ አለለት። ሚስቱ ሠላሳ ዓመት የተቀመጠችበት ቦታ ይህ መሆኑን አሁን ገና አየ፣ አንድ ቀን እንኳ አብሯት አለመውረዱ አንገበገበው። አልቅሶ በላ።

ከበላ በኋላ ወደ ዊልመር ሄደ።

«ስሜን ጻፍ።»

«በማን ምትክ?»

«በማንም አይደለም። በራሴ።»

«ሩፊናን ላውጣት ታዲያ?»

«ኧረ ተዋት። ከኔ በፊት የገባች ናት።»

እሁድ ልጁ መኪና ይዛ ደረሰች። ሻንጣ አላሰረም። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አካፋውን እየሳለ «አልችልም ልጄ፣ ቅዳሜ ሚንጋ አለብኝ» አላት። እንደ ወትሮው ሰበብ መስሏት ልትቆጣው ቀርባ እጁን ያዘችው። መዳፉ ውሃ ቋጥሯል። በአባቷ እጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ገልብጣ አየችው፣ ሌላኛውንም አየችው፣ ከዚያ ጨርቅ ቀድዳ አሰረችለትና ብቻዋን ተመለሰች።