ብረት አያለቅስም

«ምስማሩን ያዢው ይልሻል» አለ አስተርጓሚው ገብረ መስቀል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

መዲና አልያዘችውም። የባሕር ዳር ሰው ከጧት ጀምሮ በወታደር ተነድቶ ጣና ዳር ተሰብስቧል። ጣሊያናዊው ካፒቴን ጠረጴዛ አስዘርግቶ በጥቁር ማግኔት ምስማር እያነሳ ያሳያል። ባሏ ቃሲም ለመንገድ ሥራ ተይዞ ድንጋይ ሲሸከም ወደቀ፤ መነሳት ቢያቅተው አንድ ባንዳ በጠመንጃ ሰደፍ ጎድኑን ሰብሮ ገደለው። ዛሬ አርባ ቀኑ ነው። ያው ባንዳ አዲስ ካኪ ለብሶ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሟል። ካፒቴኑ የጠራት በሕዝብ ፊት ሊያጨባብጣቸው ነው።

ማግኔቱ አንድ ምስማር አነሳ፤ ያም ሌላውን አንጠለጠለ። ካፒቴኑ ፈገግ ብሎ ብዙ ተናገረ።

«የተፈጥሮ ሕግ ነው ይላል» አለ ገብረ መስቀል። «መንግሥትን የነካ ልብ እርስ በርሱም ይያያዛል፤ ቂም ይለቀዋል። እጁን ብትጨብጪው ኀዘንሽ ይሽራል። አንድ ጣቃ አቡጀዲም ይሰጥሻል።»

መዲና ባንዳውን ቀና ብላ አየችው። ገድለውባት ሲያበቁ ደግሞ ሐኪሞቿ እነሱ ሆኑ!

«ጠይቅልኝ እስቲ። ይህ ብረት ማን እንደቀጠቀጠው ያስታውሳል?»

ካፒቴኑ ሲተረጎምለት ሳቀ፤ ብረት ምን ትዝታ አለው አለ።

«እንግዲያ እኔ ብረት አይደለሁም። የቃሲምን የተሰበረ ጎድን በእጄ ዳሰስሁ። ከዚህ ሰው ጋር የሚያጣብቀኝን ሕግ አላህ አላወጣውም። በለው!»

ገብረ መስቀል ላቡን ጠርጎ አንዲት አጭር ነገር በጣሊያንኛ ጣል አደረገ። ካፒቴኑ ደስ ብሎት አጨበጨበ።

«ዋሸህ!» የሚል የሴት ድምፅ ከሰው መሐል ተሰማ። «እንዲህ ተብሎ የሚያጨበጭብ ማን አለ?»

የገብረ መስቀል ታላቅ እኅት ወለተ ኪዳን ነበረች። ከመዲና ጋር የሚለያቸው አንድ አጥር ነው። ግን በወንድሟ ሥራ አፍራ ለቅሶ አልደረሰችም፤ መዲናም ከነሱ ወግና ነው ብላ ቂም ይዛባታለች።

«እታለም፣ ዝም በይ፤ ያስገርፉሻል!»

«ይግረፉኝ! እናታችን ለዚህ አላሳደገችህም። ያለችውን በለው!»

ገብረ መስቀል እኅቱን አየ። ከዚያ የመዲናን ቃል አንድ ሳያስቀር ተረጎመው።

ካፒቴኑ ፊቱ ደም መሰለ። ገብረ መስቀልን እዚያው አሳሰረው። ሁለቱን ሴቶች አምስት አምስት ጅራፍ አስገረፈ። አቡጀዲውን ለባንዳው ሰጠው።

ከቀትር በኋላ ወለተ ኪዳን የመዲና ደጃፍ ላይ ቆመች።

«ለቅሶ ሳልደርስሽ ቀረሁ» አለች። «በምን ዓይኔ ልይሽ ብዬ።»

መዲና ለዚህች ሴት አርባ ቀን ሙሉ ያዘጋጀችው የመረረ ቃል ነበራት። አሁን ግን የወለተ ኪዳን ቀሚስ ከጀርባዋ ላይ በደም ተጣብቆ አየች፤ ቃሉ ጠፋባት።

«ቆመሽ ነው የምታለቅሺ? ግቢ» አለችና ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።

ጎን ለጎን ተቀምጠው ቃሲምን አለቀሱት። እንባቸው ሲበርድ መዲና፣

«ስንቅ ማን ያደርስለታል?» አለች።

«ለማን?»

«ለወንድምሽ።»

«እኔን ከበር መለሱኝ።»

መዲና ጀርባዋን እያመማት ተነሳች። የዳጉሳ ቂጣ ጋግራ በቅቤ ልትቀባው ቅሉን ካወረደች በኋላ እጇን ገታ አደረገች።

«ዛሬ ዓርብ ነው። ይጾማል?»

«ይጾማል።»

የቅቤውን ቅል መልሳ ሰቀለችው፤ ቂጣውን በጨርቅ ቋጥራ ወደ እስር ቤቱ መንገድ ጀመረች።