የነጭ ካርድ አይጦች

በመላው ታዝማኒያ ከእኔ የበለጠ አይጥ የሚያውቅ ሰው የለም። በሆባርት ቤተ ሙከራ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ መቶ ሺህ አይጥ አሳድጌያለሁ፤ በእግራቸው ኮሽታ ብቻ የትኛው ጥርሱን እንዳመመው እለያለሁ።

ዶክተር ብሮንዊን ዘጠኝ ዓመት የደከመችው ማይቶኮንድሪያ ለሚባሉት፣ በሴል ውስጥ ላሉት ጥቃቅን ምድጃዎች ነው። እነሱ ሲዳከሙ እርጅና ይመጣል ትላለች። እሳቱን ይመልሳል ያለችውን መድኃኒት ግማሾቹ አይጦች ከምግባቸው ጋር ይበሉታል፤ ሌሎቹ ተራ ምግብ ይበላሉ። በየጎጇቸው ላይ በተለጠፈው ካርድ የሰማያዊ ካርድና የነጭ ካርድ አይጦች እንላቸዋለን። መድኃኒቱ የየትኞቹ እንደሆነ ለእኔ አይነገርም፤ ግን እኔን ማን ያታልላል? አሽትቼ አወቅሁ፤ የሰማያዊዎቹ ነው።

ነጮቹ አሳዘኑኝ። ወንድ አይጦች ስለሚናከሱ እያንዳንዱ በጎጆው ለብቻው ነው። መድኃኒት የለ፣ ጓደኛ የለ። ስለዚህ በየማለዳው አንድ በአንድ እያወጣሁ በመዳፌ አሞቃቸው ጀመር። ሚስቴ ማርጎ ጥላኝ ወደ ፐርዝ ስለሄደችበት ቀን አወራላቸዋለሁ። እንደ እነሱ የሚያዳምጥ በአውስትራሊያ ምድር አልተፈጠረም።

ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ሐሙስ ዕለት ብሮንዊን ሳንድዊቿን ሳትነካ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«ነጮቹም ከሰማያዊዎቹ እኩል ኖሩ፣ ዴዝ። መድኃኒቱ ከንቱ ነው። ነገ ጽፌ እዘጋዋለሁ።»

ነጮቹን ያኖራቸው የእኔ መዳፍ ቢሆንስ? ብናገር አይጦቹን ይነጥቁኛል፤ ዝም ብል የዘጠኝ ዓመት ልፋቷ ይቀበራል።

«ብሮን፣ እኔ... አቅፌያቸዋለሁ።»

«ማንን?»

«ነጮቹን። በየቀኑ።»

«አንተ ሰውዬ! እየቀለድክ ነው በለኝ።»

«ግማሽ ቀን ያህል...»

«ተው! አንተ ሳርዲን አጥምደህ ዓሣ ነባሪ የምትል ሰው ነህ። አሁን እውነቱን ነው የምፈልገው። ስንት ደቂቃ?»

አሰብኩ። «ለእያንዳንዱ አራት።»

«ሰማያዊዎቹንስ?»

«አንድም ቀን።»

ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም።

«እንግዲህ ከመጀመሪያው ነው፤ ሌላ ሦስት ዓመት» አለች በመጨረሻ። «አንተም በሥራህ ትቆያለህ፤ እጅህ ግን አንዱንም አይነካም።»

«አራቱ ደቂቃስ?»

«እሱንም ለብቻው አጠናዋለሁ። በሌላ ሰው እጅ።»

አዲሶቹ አይጦች መጥተዋል። የማነሳቸው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ እያስገባሁ ነው፤ ሙቀታቸው እንኳ አይደርሰኝም። ከክፍሉ ማዶ አዲስ የተቀጠረችው ሴትዮ ሰዓት ይዛ የሌላውን ጥናት አይጦች አራት አራት ደቂቃ ታቅፋቸዋለች። አታዋራቸውም።