የሎይስ ጆሮ

ይህች ልጅ በማን ቋንቋ አፏን ትፈታ ይሆን? ማይራ ይህን ጥያቄ በሆዷ ስታብሰለስለው ከረመች።

እሷ የምትናገረው ማውንግ ነው። ባሏ ሆረስ ኩንዊንጅኩ ይናገራል፤ ምራቷ፣ የልጅቷ እናት ጋይል፣ ደግሞ ዮልንጉ። ማይራና ሆረስ አርባ አንድ ዓመት በትዳር ሲኳረፉና ሲታረቁ አንዳቸው በሌላው ቋንቋ አንዲት ቃል ተናግረው አያውቁም። መስማቱንማ አጥርተው ይሰማሉ። የሰው ቋንቋ ግን የሰው ነው፤ ዘው ብለው ገብተው የሚያነሱት ዕቃ አይደለም። የልጅ ልጃቸው ሎይስ ሦስት ዓመት ሞልቷታል። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ትቆጣለች፤ ቃል ግን ወዴት አለ?

ዛሬ ጠዋት በትንሿ አውሮፕላን ወደ ደሴቲቱ የመጣችው ነርስ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ለሎይስ የዳክዬ ሥዕል ታሳያታለች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለቻት በእንግሊዝኛ።

ሎይስ የነርሷን የእጅ ሰዓት አገላብጣ አየች።

"እማማ ማይራ፣ ጆሮዋ አይሰማ ይሆናል። ከእኔ ጋር ዳርዊን ከተማ ሄዳ ትመርመር። አንድ ወር ቢወስድ ነው።"

አንድ ወር! ባሕር ተሻግራ፣ በማታውቀው አልጋ፣ ሌሊት ስትባንን ማን ሊያባብላት ነው?

"የኔ እናት፣ አንዲት ቃል ብቻ! ምን አለበት?" አለቻት ማይራ ሎይስን።

"አንቺ ሴት፣ ልጅቷን አታስጨንቂያት" አለ ሆረስ ከበረንዳው በራሱ ቋንቋ። "የሁላችንንም ድርሻ አንቺ እያወራሽ ተራ ከየት ታግኝ?"

"አንተ መረብህን ጠግን!" አለችው በራሷ ቋንቋ።

ነርሷ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። "ትግባባላችሁ?"

"አርባ አንድ ዓመት ተጣልተናል እኮ" አለች ማይራ በእንግሊዝኛ። "ሳንግባባ በምን እንጣላለን?"

ነርሷ ሳቀች፤ ስለ ጆሮዋ የምትጽፍበትን እስክሪብቶ ግን አላስቀመጠችም።

ባሕሩ ከዳርቻው መሸሽ ሲጀምር ሆረስ ተነሣ። "ሎይስ፣ ባልዲዋን ያዢ፤ ዛጎል ልንለቅም ነው" አላት በኩንዊንጅኩ።

"ባርኔጣሽን ሳታደርጊ እንዳትወጪ!" አለች ጋይል ከጓዳ፣ እሷም በዮልንጉ።

"የዓሣውን ጭንቅላት ለውሻው ሰጥተሽ ሂጂ!" አለች ማይራ በማውንግ።

በእጁ ያመለከተ ማንም የለም። ሎይስ ባርኔጣዋን ከወንበር ሥር ጎትታ ጭንቅላቷ ላይ ደፋች። የዓሣውን ጭንቅላት ለውሻው ወረወረች። ባልዲዋን አነሣች።

"ምን ምን አላችኋት?" አለች ነርሷ።

ማይራ አንድ በአንድ ነገረቻት። ነርሷ "ሦስቱንም ቋንቋ ትሰማለች ማለት ነው!" ብላ ስለ ጆሮ የጻፈችውን በሁለት መስመር ሰረዘችው። "እንግዲህ ብቻዬን ልመለስ ነው። በሚቀጥለው ወር መጥቼ አያታለሁ።"

ማይራ ከስንት ጊዜ በኋላ እፎይ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ጭንቀት አገኘች። "ሆረስ፣ እጇን ያዛት! አዞ አለ!"

"አዞውማ ድምፅሽን ሰምቶ ማዶ ተሻግሯል።"

"ቆይ፣ ሎይስ! ለመሆኑ በማን ቋንቋ ልትናገሪ ነው?"

ሎይስ በሩ ላይ ዞር አለች። ማይራን አየች፣ ከጓዳ ብቅ ያለችውን እናቷን አየች፣ ደጅ የሚጠብቃትን ሆረስን አየች። ፈገግ አለች፤ ባልዲዋን እያንኳኳች ወጣች።