ፎቶው ያለፈው ጥርስ

የጥርስ ሐኪሟ ብዙ ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም። ዛሬ ግን በአንድ አዳራሽ ስለ ሥራዋ እንድትናገር ተጋብዛለች። የተሰጣት አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ከጀርባዋ ስክሪን ላይ ያሉት ፎቶዎችም እሷን ሳይጠብቁ በራሳቸው ይቀያየራሉ።

«ፎቶ ቢያመልጥሽ እንዳታሳድጂው» ብሏት ነበር ታላቅ ወንድሟ፣ ወደ መድረክ ከመውጣቷ በፊት።

ጥሩ ጀመረች። ጫፉ ጎድጎድ ያለ የፊት ጥርስ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ግን ያጠናችው ሁሉ ከአእምሮዋ ብን ብሎ ጠፋ። ዝም ከማለት ይሻላል ብላ «እስቲ ገምቱ፤ የዚህ ጥርስ ባለቤት ሥራው ምንድን ነው?» አለች።

«ጠርሙስ ከፋች!» አለ አንዱ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«ሚስማር የሚነክስ አናጢ» አለች ሌላዋ።

ከኋላ አንዲት ጠና ያሉ እናት ብድግ አሉ። «ልብስ ሰፊ ናት፤ ክር በጥርሷ እየበጠሰች ነው። ካላመንሽ የእኔን እይው፣ ልጄ!»

«ልክ ነዎት፣ እማማ!» ብላ ሳትጨርስ ፎቶው አለፈ፤ ቀጣዩም ተከተለው። ስክሪኑን ያየ ግን አልነበረም። ሰው ሁሉ በምላሱ የገዛ ጥርሱን ይዳስሳል። እሷም ያዘጋጀችውን እርግፍ አድርጋ ትታ መጠየቅ ቀጠለች። እስክሪብቶ የሚነክስ ማነው? በአንድ በኩል ብቻ የሚያኝክስ? ሰዓቷ ሲያልቅ እጆች ገና እንደተነሡ ነበሩ።

ከመድረክ እንደወረደች በቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊዋ እናት ሄደች። እሳቸውም ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረው አፋቸውን ከፈቱላት። የእሳቸው ጥርስ ከፎቶው ይበልጥ ተቦርቡሯል።

«እማማ፣ ምን ዓይነት ክር ነው እንዲህ ያደረገው?»

ለተከታዩ ተናጋሪ ሲጨበጨብ እሷ ገና እየጠየቀች ነበር።