የነገሌዋ ዲንኪቱ

ዲንኪቱ ጎዳና ነገሌ ገበያ ውስጥ ሳሙና፣ ምላጭና አቡጀዴ የምትቸረችር ሴት ነበረች። ባሏ ቦሩ በሚስዮኑ ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። ዕቃዋን የምትወስደው ከኦቦ ጂሎ መደብር በዱቤ ነው። መጀመሪያ የወሰደችው ግማሽ ካርቶን ሳሙና ነበር። ያን ቀን ኦቦ ጂሎ ፊቷን እንኳ በቅጡ አላዩትም። ሳታጓድል ስትከፍል አንድ ካርቶን ሰጧት፤ ቀጥሎ ጣቃ ጨርቅ፤ በኋላማ "ግቢና የምትፈልጊውን ራስሽ አውጪ" ይሏት ጀመር።

ሰባት ዓመት ሙሉ ቀጠሮ አላሳለፈችም። አንድ በልግ ወደ ወደራ ገበያ ስትሄድ የተሳፈረችበት ጭነት መኪና ተገልብጦ አምስት ጣቃ አቡጀዴ ጭቃ ውስጥ ተዘፈቀ። ጨርቁን አጥባ በርካሽ ሸጠችው፤ የጎደለውን ጊደሯን ሸጣ ሞላች፤ በቀኑ ከፈለች። ኦቦ ጂሎ ነገሩን የሰሙት ከሌላ ሰው ነው።

"ምነው ሳትነግሪኝ?" አሏት።

"ብነግርዎት ጊዜ ይሰጡኝ ነበር። ከዚያ ገበያው 'ዲንኪቱ ዘገየች' ይላል።"

በ1971 ዓ.ም. ነገር ሁሉ ተበላሸ። የሚስዮኑ ቤተ ክርስቲያን ታሸገ፤ ቦሩ ከአራት ምእመናን ጋር ታሰረ። በዚያው ሰሞን ነጋዴውም መላወሻ አጣ። የኦቦ ጂሎ መደርደሪያ ከወር ወር እየሳሳ ሄደ። አንድ ቀን ዲንኪቱን አስጠርተው በሩን ገርበብ አደረጉና፣

"ልጄ፣ እኔ ከእንግዲህ የምሰጥሽ የለኝም" አሏት። "ከቻልሽ ተሻገሪ። ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ሸምሳ የምትባል የቡርጂ ሴት አለች። የጅምላ ነጋዴ ናት። ከአባቷ ጋር ብዙ ሠርተናል። ሰው ሳይመሰክርለት ግን ለማንም ዱቤ አትሰጥም።"

ወረቀት አውጥተው ጻፉ። "ይህችን ደብዳቤ የያዘችው ዲንኪቱ ጎዳና ከእኔ ዘንድ ሰባት ዓመት በዱቤ ሠርታለች። አንድም ቀን ቀጠሮ አላፈረሰችም። የሰጠኋትን አምኜ እንደሰጠኋት አንቺም አምነሽ ስጫት።" ማኅተማቸውን በጥድፊያ ሲመቱት ዘመም አለ።

ዲንኪቱ ግን መሄድ አልቻለችም። ባሏ ታስሮ ማን ስንቅ ያቀብለዋል? ደብዳቤውን በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችው።

ስንቄ የምትባል ጎረቤት ነበረቻት፤ ከተማ የተባለው ወታደር ባሏ በሶማሊያ ጦርነት የሞተባት፣ የሁለት ልጆች እናት። ገበያ አብረው ይውላሉ፤ አንዷ ስትታመም የሌላዋን ዕቃ ትሸጣለች፤ ልጆቻቸው ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ስንቄ ልጆቿን ይዛ ለመሻገር ቆርጣ ስትነሳ እንዲህ አለቻት፦

"ደብዳቤውን ስጪኝ። ለሴትዮዋ አሳያትና 'የደብዳቤው ባለቤት ከኋላዬ እየመጣች ነው' እላታለሁ። ቦታ አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ። ያኔ አብረን እንሠራለን።"

ዲንኪቱ ስንቅ ስታደርስ ይህንን ለቦሩ ነገረችው። ቦሩ፣ "ቅጂ አስቀሪ" አላት።

"ከስንቄ? ከስንቄ ነው ቅጂ የማስቀረው?" ብላ ተቆጣች።

ደብዳቤውን ለስንቄ ሰጠቻት። የመንገድ ስንቅም ቋጠረችላት።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ከስንቄ በሾፌር እጅ ኪቴንጌ የሚሉት ባለአበባ የኬንያ ጨርቅ መጣላት፤ "ገና ነው፣ ታገሺ" ከሚል ቃል ጋር። ሌላ ወሬ አልመጣም። በሁለተኛው ዓመት ኦቦ ጂሎ አረፉ። ዲንኪቱ ለቅሶ ስትደርስ ከልቧ አለቀሰች፤ ደግ ሰው ነበሩ። ከቀብር ስትመለስ ደግሞ፣ ሰባት ዓመት የከፈለችውን የተቀበለው ሰው ከእንግዲህ አለመኖሩን ልብ አለች። ያ ደብዳቤ ብቻ ቀረ።

በ1973 ዓ.ም. መጨረሻ ቦሩ ተፈታ። ግራ እግሩ ይጎትታል፤ ማስተማርም ተከልክሏል። በወሩ ልጆቻቸውን ይዘው፣ ቤታቸውን ዘግተው ወጡ። እስከ ሜጋ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ከከብት ነጂዎች ጋር ሌሊት ሌሊት በእግር። ድንበር ሊደርሱ ሲሉ ቦሩ የሁለቱንም የቀበሌ መታወቂያ ቀዶ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረው፤ ቢያዙ ማንነታቸው እንዳይታወቅ።

ሞያሌ በኬንያ በኩል በገቡ ማግስት ዲንኪቱ ፊቷን ታጥባ ወደ ሸምሳ መደብር ሄደች። ሸምሳ ወፍራም፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት።

"አካም፣ ናጋ?" ብላ ዲንኪቱ በኦሮምኛ ሰላም አለቻት።

"ናጋ። ምን ልስጥሽ?"

"ዲንኪቱ ጎዳና እባላለሁ። ከነገሌ ነው የመጣሁት። ኦቦ ጂሎ…"

ሸምሳ ሳቀች። "የነገሌዋ ዲንኪቱ አሁን ጠዋት እዚህ ነበረች።"

"የትኛዋ ዲንኪቱ?"

"ደንበኛዬ ናታ! ሁለት ዓመቷ። ከመስጊዱ ጀርባ ሱቅ አላት። ደብዳቤዋም እኔ ጋ ነው ያለው።" ከቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ወረቀቱን አውጥታ ከሩቅ አሳየቻት። ዲንኪቱ ዘመም ያለውን ማኅተም አየችው።

"የኔ ነው" አለች። "እሱ ደብዳቤ ለኔ ነው የተጻፈው።"

"እህቴ፣ ከወዲያ የሚመጣ ሁሉ አንድ ነገር ይላል" አለች ሸምሳ፣ ሣጥኑን እየዘጋች። "ባለፈው ወር የጂሎ ልጅ ነኝ ያለኝ ሰው ነበር።"

ዲንኪቱ ከመስጊዱ ጀርባ ሄደች። ስንቄ ጨርቅ እየለካች ነበር። ወፍራለች፤ ጥርሷን ወርቅ አስለብሳለች። ስታያት መቀሱን ጥላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ አለቀሰች። ዲንኪቱ እጆቿን ወደ ታች እንደዘረጋች ቆመች።

"ሸምሳ ደብዳቤውን አነበበችና 'ዲንኪቱ አንቺ ነሽ?' አለችኝ" አለች ስንቄ። "ልጆቼ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም ነበር። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በነጋታው ዕቃ ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገራት? ቦሩም አይወጣም ሲሉ ሰማሁ። አትመጪም ብዬ ነው፣ ዲንኪቱ።"

"መጣሁ። ዛሬ ንገሪያት።"

"ነገ። ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። በባሌ በከተማ ሞት!"

በነጋታው አብረው ሄዱ። ቦሩም እግሩን እየጎተተ ተከተላቸው። ሸምሳ ሦስቱንም በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ "እሺ፣ ተናገሩ" አለች።

ስንቄ ነጠላዋን አስተካከለች። ረጋ ብላም እንዲህ አለች፦

"ይቺን ሴት አውቃታለሁ። የነገሌ ጎረቤቴ ናት። ስንቄ ትባላለች። ችግር ይዟት ነው፤ አትፍረጂባት።"

ዲንኪቱ የሰማችውን አላመነችም። ወደ ቦሩ ዞረች።

"ምን አልሽ? ስንቄ ማን? እኔ?"

"እኔ ባሏ ነኝ" አለ ቦሩ። "ዲንኪቱ ናት።"

"ባል ለሚስቱ ምን ሊል ኖሯል?" አለች ሸምሳ። "ደብዳቤው ምን ይላል? ንገሩኝ።"

ዲንኪቱ ተናገረች፤ አንድ ቃል ዘለለች። ስንቄ ግን አንድም ሳታጎድል በቃሏ ወጣችው። ዲንኪቱ የወደራውን መኪና፣ የታጠበውን አቡጀዴ፣ የተሸጠችውን ጊደር ነገረች። ስንቄ በሐዘን ራሷን ነቀነቀች።

"ይህን እኮ እኔው ነኝ ያጫወትኳት።"

ሸምሳ ተነሳች። "ማን ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም። መታወቂያ የለሽ፤ ሰው የለሽ። ይቺ ግን ሁለት ዓመት በቀኗ ከፍላኛለች። ሂጂ።"

ያን ቀን ዲንኪቱ ሲመሽ ቦሩን፣ "እኔ ማን ነኝ?" አለችው። ቦሩ የምትቀልድ መስሎት ሊስቅ ቀና አለ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ተወው።

ከዚያ በኋላ የሻይ ቤት ዕቃ አጠበች፤ የሰው ልብስ አጠበች። ቦሩ ከወዲያ የመጡ ሰዎችን ልጆች በሳንቲም ፊደል ያስቆጥራል። የሻይ ቤቱ ባለቤት "ስንቄ" እያለ ይጠራታል፤ ወሬው ተዳርሶ ነበር። አቤት አትልም። ሁለቴ ሦስቴ ጠርቶ ሲሰለቸው "አንቺ" ይላታል፤ ያኔ ትሄዳለች።

አምስት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ውኃ ተሸክማ በሸምሳ መደብር በር ስታልፍ አንድ ሽማግሌ መንገዱን ዘጋባት። ዋቅቶላ ነው፤ ነገሌ ካለችበት ከሊበን የመጣ የከብት ደላላ፣ ኦቦ ጂሎ በር ላይ ተቀምጦ የሚውል የነበረ።

"ዲንኪቱ! የጎዳና ልጅ!" ብሎ ጮኸ። "ቦሩ ተፈታ? ልጆቹስ? ምነው እንዲህ ከሳሽ?"

ዲንኪቱ ጀሪካኑን አስቀምጣ እጁን ያዘች። አምስት ወር ሙሉ በውስጧ የቆየው ልቅሶ መጣ። ሸምሳ ከባንኮኒው ኋላ ሆና ሰማች። ወጥታ ዋቅቶላን ጠየቀችው። ዋቅቶላ የዲንኪቱን አባት፣ ቤቷ የት እንደነበረ፣ ኦቦ ጂሎ "ገብተሽ ራስሽ አውጪ" የሚሏት ብቸኛ ሴት መሆኗን፣ ሁሉንም ተረከ። ስለ ስንቄም ነገራት።

በዚያው ቀን ሸምሳ ስንቄን አስጠራች። ስንቄ ዋቅቶላን ስታየው መሬት መሬት አየች።

ዲንኪቱ አሁን ይፈረድልኛል ብላ ጠበቀች። ሸምሳ ግን እንዲህ አለች፦

"ዋሽታኛለች። ደብዳቤው ያንቺ ነው። ዳሩ ግን ዕቃውን የሸጠችው እሷ ናት፤ የከፈለችኝም እሷ ናት። ያንቺን ሰባት ዓመት ጂሎ ነው ያየው፤ እኔ ያየሁት የሷን ሁለት ዓመት ነው። እሷ የካደችው አንቺን እንጂ እኔን አይደለም። ደንበኛዬን አላባርርም።"

"እኔስ?"

"አንቺማ ጀምሪ። ትንሽ ትንሽ እሰጥሻለሁ። እንደማንኛውም አዲስ ሰው።"

"አዲስ ሰው" አለች ዲንኪቱ።

ሸምሳ ደብዳቤውን አውጥታ ሰጠቻት። ከመታጠፉ ብዛት መሃሉ ተበስቷል። ዲንኪቱ ተቀብላ ወጣች። የሸምሳን ዕቃም ወሰደች፤ ልጆች አሏትና።

በሳምንቱ ስንቄ አንድ ጣቃ ጨርቅ ተሸክማ ግቢያቸው መጣች። በሩ ላይ ተንበረከከች። "ይቅር በይኝ፣ እህቴ።"

ዲንኪቱ ልብስ ከምታሰጣበት ሳትዞር ተናገረች።

"ስሜን የወሰድሽው ርቦሽ ነው። የራበው ሰው የሚያደርገውን አውቃለሁ። ስምሽን ለምን ሰጠሽኝ? ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ፣ 'አትፍረጂባት' ብለሽ አዘንሽልኝ። ለምን?"

ስንቄ ጨርቁን ከትከሻዋ አወረደች። "አንቺ ዲንኪቱ ከሆንሽ፣ ሸምሳ 'ታዲያ አንቺ ማን ነሽ?' ልትለኝ ነው። ስንቄን ደግሞ ማንም አያምናትም።"

"እኔ አምኛት ነበር" አለች ዲንኪቱ።

ስንቄ ጨርቁን በሩ ላይ ትታ ሄደች። ማታ ቦሩ፣ "ተንበርክካለች እኮ። ይቅር ማለት ያለብን እኛ አማኞቹ አይደለንም ወይ?" አላት።

"አንተ ይቅር በላት" አለችው። "ስንቄ የተባልከው አንተ አይደለህም።"

ጨርቁን ግን አልመለሰችውም። ለልጆቹ ልብስ አሰፋችበት። ይህም ለብዙ ጊዜ አበሳጫት።

ከሸምሳ ሙሉ ጣቃ እስክትወስድ አራት ዓመት ፈጀባት። ገበያው "ዲንኪቱ" የሚለውን ለሌላ ሰው ስለለመደው እሷን "የቦሩ ሚስት" አላት። ስንቄ ከሁለት ዓመት በኋላ የሸምሳን ዕዳ አጣርታ ከፍላ፣ ልጆቿን ይዛ ወደ ኬንያ መሃል፣ ኢሲዮሎ ወደምትባል ከተማ ወረደች። ዲንኪቱ የሚለውንም ስም ይዛው ሄደች፤ እዚያ የሚያውቃት ሰው አልነበረም።

አንዳንድ ጊዜ ከዚያ የሚመጡ ሾፌሮች ወሬዋን ያመጣሉ። አንዱ በ1980 ዓ.ም. ዲንኪቱ ሞያሌ ከከፈተችው ሱቅ ሳሙና ሲገዛ፣ "ኢሲዮሎ የነገሌዋ ዲንኪቱ የምትባል ሴት አለች፤ ቃሏ ቃል ነው። ባለሱቁ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሰጣት" አላት። "ያገርሽ ልጅ ናት፤ ታውቂያት ይሆን?"

ቦሩ ከጓዳ ሆኖ የምትመልሰውን ጠበቀ።

"ጎረቤቴ ነበረች" አለች። ሳሙናውን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችውና መልሱን ፍለጋ መሳቢያውን ሳበች።